ለጀልባ ተማሪ የሚሆን መጽሐፍና ትምህርት ስለ መፈለግ
(ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ወደ ቤተ መጻሕፍት ከሚመጡት ጥያቄዎች መካከል አንዳንዶቹ ሲሰሟቸው ቀላል፣ ሲመልሷቸው ግን አስቸጋሪ ናቸው። «ትንሽ ጀልባ መንዳት የሚያስተምር መጽሐፍ ይገኛል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከእነዚሁ አንዱ ነው። ጠያቂው በሐይቅ ዳር የሚኖርና ለጀልባው አዲስ ሞተር የገዛ ዓሣ አስጋሪ፣ መንገደኞችን ከደሴት ወደ ደሴት የሚያደርስ ማኅበር ጸሐፊ፣ ወይም በውጭ አገር ተቀምጦ በዕረፍት ቀኑ ጀልባ ሊከራይ ያሰበ ሰው ሊሆን ይችላል። ማንም ይሁን ማን፣ የሚሰጠው መልስ እንደ ነገሩ የሚታለፍ አይደለም። ስለ አትክልት የማይረባ መጽሐፍ የተዋሰ ሰው የሚያጣው ጎመኑን ነው፤ ስለ ጀልባ የማይረባ መጽሐፍ የተዋሰ ሰው ግን የሚይዘው የሌሎችንም ነፍስ ነው።

የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ድርጅት በየዓመቱ የሚያወጣው የአደጋ መዝገብ ጉዳዩን በቁጥር ያሳያል። በ2023 (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአገሪቱ በመዝናኛ ጀልባ አደጋ የሞቱት ሰዎች 564 ነበሩ። የአሟሟታቸው ምክንያት ከታወቀው መካከል ከመቶ 75ቱ የሰጠሙ ናቸው። የመንሳፈፊያ ሰደርያ መልበስ አለመልበሳቸው ከተመዘገበላቸው የሰጠሙ ሰዎች ደግሞ ከመቶ 87ቱ አለበሱም ነበር። የነጂው የትምህርት ሁኔታ በታወቀባቸው አደጋዎች፣ ከሟቾቹ ከመቶ 75 የሚሆኑት የሞቱት የጀልባ ደኅንነት ትምህርት ያልተከታተለ ሰው በሚነዳው ጀልባ ላይ ነው። እርግጥ ነው፣ ከጠቅላላው ነጂ የተማረውና ያልተማረው ምን ያህል እንደሆነ ካልተነጻጸረ በስተቀር ከዚህ የመጨረሻ ቁጥር ብዙ መደምደሚያ ማውጣት አይገባም። ይሁን እንጂ የሰደርያው ቁጥር ማንንም አያከራክርም። ሰደርያ በጀልባው ወለል ላይ ተጣጥፎ ሳይሆን በሰው ደረት ላይ ታስሮ መገኘት እንዳለበት የሚያስተምር አንድ ገጽ፣ ከሌላው መጽሐፍ ሁሉ በፊት ሊነበብ የሚገባው ገጽ ነው።

መጽሐፉን ለማግኘት የመጀመሪያው እንቅፋት የሚገኘው በራሱ በካታሎጉ ውስጥ ነው። በዴዊ አመዳደብ የጀልባ መዝናኛ በስፖርት ክፍል በ797.1 ሥር ይውላል። ጀልባን የመያዝና የመምራት ሙያ፣ ማለትም እንግሊዞች «ሲማንሺፕ» የሚሉት፣ በ623.88 ሥር ሆኖ ከጦር ምሕንድስና ጎን ተቀምጧል፤ የቋጠሮ መጻሕፍትም በዚያው አካባቢ ይገኛሉ። የውሃ መጓጓዣ በንግድና በመገናኛ ክፍል በ387 ሲመደብ፣ የባሕረኞች የጉዞ ታሪክ ደግሞ ከጂኦግራፊ ጋር በ910 ይደረደራል። ሥርዓቱ የራሱ ምክንያት እንዳለው አይካድም። ነገር ግን አንድ ዓሣ አስጋሪ ቋጠሮ ለመማር ብሎ በመድፍና በምሽግ መጻሕፍት መካከል ይፈልጋል ተብሎ አይጠበቅም። ስለዚህ ጠያቂውን ወደ አንድ መደርደሪያ ልኮ መቀመጥ ከአራት እጅ ሦስቱን መደበቅ ማለት ነው፤ ባለሙያው ራሱ በአራቱም ቦታ ዞሮ መጻሕፍቱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ መሰብሰብ ይኖርበታል።

ከተሰበሰቡ በኋላስ የትኛው ይሰጥ? በዚህ ዘርፍ ከታወቁት ሁሉ ስሙ የገነነው በአሜሪካ በተለምዶ «ቻፕማን» እየተባለ የሚጠራው መጽሐፍ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1917፣ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑትና በዚያን ጊዜ የባሕር ኃይል ምክትል ሚኒስትር የነበሩት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ለተጠባባቂ ባሕረኞች ማሠልጠኛ የሚሆን መምሪያ እንዲዘጋጅ ፈለጉ። ሥራው የተሰጠው የ«ሞተር ቦቲንግ» መጽሔት አዘጋጅ ለነበረው ለቻርልስ ቻፕማን ነው። ሰውየው ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1914፣ «ዩናይትድ ስቴትስ ፓወር ስኳድሮንስ» የተባለውን የጀልባ ነጂዎች የትምህርት ማኅበር ካቋቋሙት አንዱ ነበር። ያ መምሪያ ከስልሳ ጊዜ በላይ እየታደሰ ታትሞ፣ ዛሬ ከዘጠኝ መቶ ገጽ የሚበልጥ ግዙፍ መጽሐፍ ሆኗል። ለቤተ መጻሕፍት የማጣቀሻ ክፍል ተወዳዳሪ የለውም። ለጀማሪ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ መልሕቅ እንጂ መጽሐፍ አይመስልም።

ለጀማሪ የሚሻለው የፈረንሳዮቹ የግሌናን መጽሐፍ ነው። የግሌናን ትምህርት ቤት በ1947 የተመሠረተው በጦርነቱ ጊዜ ጠላትን በኅቡዕ ሲታገሉ በነበሩት በፊሊፕና በኤሌን ቪያኔ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከብሪታኒ ጠረፍ ባሻገር ካሉት ትንንሽ ደሴቶች ነው። በዚያ የሚማሩት ወጣቶች አብረው እያደሩ፣ ምግባቸውን ራሳቸው እያበሰሉ፣ የተሰበረውን ራሳቸው እየጠገኑ ጀልባ መምራትን ይለማመዱ ነበር። ከዚህ ትምህርት የተወለደው መጽሐፍ በየጊዜው እየታደሰ ይታተማል፤ ወደ እንግሊዝኛም ተተርጉሟል። ብልጫው «ይህን አድርግ» ብሎ ብቻ አለማለፉ ነው። ነፋስ ሸራን እንዴት እንደሚገፋ፣ ጀልባ ለምን እንደሚያዘነብል፣ ክብደት ከቦታው ሲነሣ ምን እንደሚከተል ያስረዳል። ምክንያቱን ያወቀ አንባቢ መጽሐፉ ያልጠቀሰው ሁኔታ ሲገጥመው የሚይዘው አያጣም።

ሦስተኛው ዓይነት በ1875 የተቋቋመው የእንግሊዝ «ሮያል ያክቲንግ አሶሲዬሽን» ለየኮርሱ የሚያሳትማቸው ቀጫጭን ባለሥዕል መጻሕፍት ናቸው። ብቻቸውን ቢነበቡ ጎዶሎ ይመስላሉ፤ ለዚህም ምክንያቱ ከአስተማሪና ከውሃ ጋር እንዲነበቡ ተብለው መጻፋቸው ነው። ጠያቂው ወደ ኮርስ የሚሄድ ከሆነ ከሁሉ የሚረዱት እነዚህ ናቸው።

ከማስተማሪያ መጻሕፍት ውጭ ያሉትም መናቅ አይገባቸውም። አርተር ራንሰም በ1937 ለልጆች ያሳተመው «ወደ ባሕር ልንሄድ አላሰብንም ነበር» የሚል ርእስ ያለው ልቦለድ አለ። በታሪኩ ጀልባዋ የቆመችበት ውሃ ከፍ ሲል መልሕቋ ከመሬት ይላቀቅና በውስጧ ያሉትን አራት ልጆች በጭጋግ ይዛ ወደ ሆላንድ ትሻገራለች። የመልሕቅ ገመድ ከውሃው ጥልቀት አምስት እስከ ሰባት እጥፍ እንዲረዝም የሚያዝዘውን ደንብ ከመማሪያ መጽሐፍ አንብቦ የሚረሳ ሰው፣ ከዚህ ልቦለድ በኋላ ገመድ ሳይለካ መልሕቅ አይጥልም። ጆሹዋ ስሎከም ብቻውን በጀልባ ዓለምን የዞረበትን ጉዞ የተረከበት የ1900 መጽሐፍም ለንባብ የጣፈጠ ነው፤ ነገር ግን በመማሪያነት መሰጠት የለበትም። ስሎከም መጽሐፉን ሲጽፍ ዕድሜውን በባሕር ላይ የጨረሰ ካፒቴን ነበር፤ ለእርሱ ቀላል የነበረው ለሌላው ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ብቻ ሊፈጽመው የሚችል አንድ ሥራ አለ፤ ይኸውም የእትሙን ዓመት ማየት ነው። በስጦታ ከሚመጡ መጻሕፍት መካከል አሮጌ የጀልባ መምሪያ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ሽፋኑ ያማረ፣ ሥዕሉም በእጅ የተሠራ ስለሚሆን መጣሉ ያሳዝናል። በውስጡ ያለው የቋጠሮና የቀዘፋ ትምህርት ዛሬም ትክክል ነው፤ ገመድና መቅዘፊያ ጠባያቸውን አልቀየሩም። ነገር ግን ጀልባዎች እንዳይጋጩ የሚተላለፉበት ዓለም አቀፍ ደንብ በ1972 ተወስኖ በ1977 ሥራ ላይ ስለዋለ፣ ከዚያ በፊት የታተመው መጽሐፍ የሚያስተምረው የተሻረውን ደንብ ነው። በውሃ ላይ የሚተከሉት ምልክቶችም ዓለም አቀፍ ስምምነት የተደረገባቸው በ1980 ነው። ከሁሉ የሚከፋው የመጀመሪያ ርዳታው ምዕራፍ ነው። ከ1960 በፊት የታተሙት መጻሕፍት የሰጠመን ሰው በሆዱ አስተኝቶ ጀርባውን በመጫን እንዲያነቁት ይመክሩ ነበር። የዛሬው ሕክምና የሚያዝዘው ሰውየውን በጀርባው አስተኝቶ በመጀመሪያ ትንፋሽ መስጠት፣ ቀጥሎም ደረቱን መጫን ነው። ስለዚህ አሮጌው መጽሐፍ ይቀመጥ ከተባለ በታሪክ ክፍል ይቀመጥ፤ ለተማሪ ግን አይውጣ።

አሁን ወደ ኢትዮጵያ ሐይቆች መምጣት ይቻላል። ከላይ የተጠቀሱት መጻሕፍት ሁሉ የተጻፉት ባሕርን እያዩ ነው። ጣና ግን ባሕር አይደለም። የጣና ሰው የባሕር ውሃ ሙላትና ጉድለት የሚተነተንበትን ረጅም ምዕራፍ ሳያነብ ቢያልፈው የሚጎድልበት ነገር የለም። በተቃራኒው እነዚያ መጻሕፍት በአንድ ሐረግ የሚያልፏቸው ነገሮች ለእርሱ ዋናዎቹ ናቸው።

አንደኛው የማዕበሉ ጠባይ ነው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ቢኖረውም ጥልቀቱ እጅግ ቢበዛ 14 ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ባለ ሰፊና ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ነፋስ ሲነሣ የሚፈጠረው ማዕበል ቁመቱ እንደ ውቅያኖስ አይሁን እንጂ አጭር፣ ቀጥ ያለና ተከታታይ ነው። ትልቅ መርከብ ንቆት ያልፋል፤ አምስት ሜትር ርዝመት ያለው ጀልባ ግን ከአንዱ ማዕበል ሳይወጣ ሁለተኛው ይደርስበታል። ነፋሱም ሰዓት አለው። ቀን ፀሐይ ምድሩን ስታሞቅ አየሩ ከሐይቁ ወደ ዳርቻው ይነፍሳል፤ ከሰዓት በኋላም ይበረታል። በጧት መስተዋት የመሰለውን ውሃ አይቶ የተሻገረ ሰው የሚመለሰው በሌላ ሐይቅ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው የከፍታው ጉዳይ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። አየሩ ስስ በመሆኑ ተራ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከመቶ ሦስት ያህል ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በጣና ላይ 33 ያህል ብቻ ይሰጣል። በመጽሐፉ ሠንጠረዥ ተመርቶ ሞተር የመረጠ ሰው፣ ጀልባውን ጭኖ ነፋሱን ፊት ለፊት በሚገጥምበት ሰዓት የጎደለው ጉልበት ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው። የሐይቁ ሰው ያለ መጽሐፍ የተማረው አሮጌና ጠንካራ ሙያ አለ። ከደንገል የሚታሰረውን ታንኳ መሥራትና መቅዘፍ፣ በተለይም በነገደ ወይጦ ዘንድ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ዕውቀት ነው። የታንኳ ቀዛፊ ነፋሱን፣ ደለሉን፣ ጉማሬው የሚውልበትን ቦታ ከማንኛውም መጽሐፍ አብልጦ ያውቃል። ነገር ግን ታንኳና ጀልባ በአንድ መሠረታዊ ነገር ይለያያሉ። ታንኳ የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ቀላል ስለሆነ ነው። ማዕበል ቢያለብሰው፣ ጭነቱም እስከ ውሃው አፍ ቢደርስ፣ ውሃው በነዶው መካከል አልፎ ይወርዳል እንጂ ታንኳው ወዲያው አይሰጥምም። ከጣውላ ወይም ከብረት የተሠራ ጀልባ የሚንሳፈፈው ግን በሆዱ ውስጥ ባለው ባዶ ቦታ ነው። በጎኑ የገባ ውሃ አይወጣም፤ ጀልባው ባዘነበለ ቁጥር ወደ ዘነበለበት ጎን ይሮጥና የበለጠ ያዘነብለዋል። ስለዚህ በታንኳ ላይ ሲሠራበት የኖረው የአጫጫን ልማድ ወደ ጀልባ ሲዛወር ልማዱ ራሱ ገዳይ ይሆናል። ይህን ነጥብ በባሕር ማዶ የተጻፈ መጽሐፍ አያነሣውም፤ ደራሲዎቹ ከታንኳ ወደ ጀልባ የሚሸጋገር ተማሪ አስበው አልጻፉምና።

በዚህ ረገድ ከውጭ መጻሕፍት ሊወሰድ የሚገባው አንድ ቀላል ስሌት አለ። በአሜሪካ የሚሠሩ ትንንሽ የሞተር ጀልባዎች ምን ያህል ሰው እንደሚይዙ የሚገልጽ ሰሌዳ ይለጠፍባቸዋል። ሰሌዳ ለሌለው ጀልባ ደግሞ ርዝመቱንና ወርዱን በፊት አባዝቶ ለ15 ማካፈል የተለመደ ነው። በሜትር ለሚለካ ሰው ርዝመቱን በወርዱ አባዝቶ ውጤቱን እንደገና በ0.7 ማባዛት ወደዚያው ያደርሰዋል። አምስት ሜትር ርዝመትና አንድ ሜትር ተኩል ወርድ ያለው ጀልባ አምስት ሰው ይይዛል ማለት ነው፤ ያውም ነፋስ በሌለበት ቀን። ከሰው ጋር ከሰልና እንጨት ከተጫነ ከቁጥሩ መቀነስ ያስፈልጋል።

ስለ መጻሕፍቱ ይህን ያህል ከተባለ፣ ኮርሶቹን በሚመለከት ዋናው ነገር መጽሐፍ የማይደርስበትን ቦታ ማወቅ ነው። ከጀልባው ኋላ የተገጠመ ሞተር መያዣው ወደ ግራ ሲገፋ ጀልባው ወደ ቀኝ ይዞራል። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመረዳት አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ እጅ ሳያስብ እንዲያደርገው ግን አንድ ቀን ሙሉ ያስፈልጋል። ጀልባ እንደ መኪና ፊቱ አይመራም፤ የሚዞረው ኋላው ነው። ስለዚህ ከወደቡ ግንብ ለመራቅ መሪውን በድንገት ያዞረ ሰው ኋላውን ከግንቡ ጋር ያላትማል። ፍሬንም የለውም። እነዚህን ለመማር ውሃ፣ ጀልባና ታጋሽ አስተማሪ ያሻል።

በእንግሊዝ ከላይ የተጠቀሰው ማኅበር ለሞተር ጀልባ የሚሰጠው ሁለተኛ ደረጃ ኮርስ ሁለት ቀን ይፈጃል። በአሜሪካ የፓወር ስኳድሮንስ ማኅበርና በ1939 የተቋቋመው የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በጎ ፈቃደኞች ክፍል ትምህርት ይሰጣሉ። በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩት ብዙ ኢትዮጵያውያን ጉዳዩ የፈቃድ ብቻ አይደለም። በቨርጂኒያ 10 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ያለውን ጀልባ የሚነዳ ሰው ትምህርቱን ማጠናቀቅ በሕግ ይገደዳል፤ በሜሪላንድም ግዴታው ከሐምሌ 1972 መባቻ ወዲህ የተወለደውን ይመለከታል። የእነዚህ ግዛቶች ኮርስ በአብዛኛው የንባብና የፈተና ትምህርት ስለሆነ፣ የምስክር ወረቀቱን የያዘ ሰው ሞተር አስነሥቶ የማያውቅ ሊሆን እንደሚችል ለጠያቂው መንገር ተገቢ ነው።

ስለዚህ ኮርስ ለሚመርጥ ሰው ከዋጋው በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ተማሪው መሪውን ራሱ የሚይዘው ስንት ሰዓት ነው? በአንድ ጀልባ ላይ ስድስት ተማሪ ከተጫነ ከስድስት ሰዓት ትምህርት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ከውሃ የወደቀ ሰው ማንሣትን በተግባር ያሠራሉ ወይስ በሰሌዳ ላይ ብቻ ይሥሉታል? ሞተር ማጥፊያውን ገመድ በነጂው እግር ላይ ማሰርን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ያስገድዳሉ ወይ? ይህ ገመድ ነጂው ከቦታው ሲወድቅ ሞተሩን ወዲያው የሚያቆም ነው። በግንቦት 2013 በእንግሊዝ አገር በፓድስቶ ወደብ አጠገብ አንድ ቤተሰብ ከፈጣን ጀልባ ላይ ተስፈንጥሮ ሲወድቅ ገመዱ ታስሮ አልነበረም። ሰው የሌለበት ጀልባ እየዞረ ተመልሶ የወደቁትን መታቸው፤ ሁለቱ ሞቱ፤ ሌሎችም ቆሰሉ። ዋጋው የጥቂት ብር ገመድ ነበር።

በኢትዮጵያ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የባሕር ነክ ማሠልጠኛ ተቋም መሐንዲሶችን ለትልልቅ የንግድ መርከቦች ያሠለጥናል። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ የአምስት ሜትር ጀልባ ነጂ ግን የሚማረው ሌላ ትምህርት ነው። ለእርሱ ቅርብ የሆነው አስተማሪ ዕድሜውን በሐይቁ ላይ ያሳለፈው ሽማግሌ ነው። የሐይቅ ዳር ቤተ መጻሕፍት እዚህ ላይ ሊሠራ የሚችለው ቀላል ሥራ አለ። በሐይቁ ላይ የሚሠሩትን አባቶች ጠርቶ ነፋሱ በየትኛው ወር ከየት እንደሚነሣ፣ ማዕበል ሲመጣ መጠለያ የሚሆኑት ዳርቻዎች የትኞቹ እንደሆኑ፣ ድንጋይና ደለል የት የት እንዳለ እነርሱ በሚጠሩበት ስም መጻፍ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ይበቃል። የተናገሩት አባቶች ስም በፈቃዳቸው ከሥሩ ይቀመጥ፤ ወረቀቱም ከውጭ በመጣው መምሪያ ሽፋን ውስጥ ይለጠፍና በካታሎጉ ካርድ ላይ ይመዝገብ። ከታንኳ ወደ ጀልባ ስለሚደረገው ሽግግርና ስለ ሰው ቁጥሩ ስሌት ከላይ የተባለውም በዚያው ወረቀት ላይ ቢጨመር ቦታው ነው።

የቋጠሮ መጻሕፍትን በሚመለከት አንድ ነገር ይቀራል። ክሊፎርድ አሽሊ በ1944 ያሳተመው ታላቅ የቋጠሮ መጽሐፍ ከ3,800 በላይ ቁጥር የተሰጣቸው ቋጠሮዎችን ይዟል፤ ለጀልባ ሰው አምስት ያህሉ ይበቁታል። ከአምስቱም የመጀመሪያው የማይጠብቅና የማይፈታ ቀለበት የሚሠራው፣ ሰው ከውሃ የሚጎተትበት ቋጠሮ ነው። ቋጠሮን በዓይን ብቻ የተማረ ሰው ስለሌለ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ከመጽሐፉ ጋር ሁለት ሜትር ርዝመትና ስምንት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ገመድ፣ ጫፎቹ በክር ተጠምጥመው፣ አብሮ ያውስ። ገመዱ እንደ መጽሐፉ ቁጥር ይሰጠው፤ በመመለሻው ቀንም አብሮ ይቆጠር።